ባቄላ የሚያሳልፍ ክፍተት

ባለቤቴ ይበልጣል ከመሞቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ስልክ ላይ ያሉ ሁለት ጽሑፎችን ማራራቅ ነበር።

ቀኑ እሑድ ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ አላጠፍኩም። እሱ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፎ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ በሌላ ትራስ አስቀምጦ ሲጠብቀኝ ነበር። ገና ሳልቀመጥ ስልኬን እንዳወጣ ነገረኝ። ስልኩ ላይ የሚታየው የገበሬዎች ማኅበሩ ድረ ገጽ መግቢያ ነው። ከላይ የስልክ ቁጥር መጻፊያ፣ ከሥሩ የይለፍ ቃል መጻፊያ፣ ከዚያ በታች በአንድ መስመር ላይ በግራ በኩል «ግባ»፣ በቀኝ በኩል «አዲስ ምዝገባ»።

«ተጫኚ» አለኝ።

«ግባ» የሚለውን በጣቴ ጫፍ ነካሁት። ገባ።

«እንደሱ አይደለም። እንደ ገበሬው፣ እንደ አያ ታረቀኝ።»

አውራ ጣቴን «ግባ» ላይ አሳርፌ ከግራ ወደ ቀኝ አገላበጥኩት። የአዲስ ምዝገባ ገጽ ተከፈተ።

«ምን ከፈተ?»

«ምዝገባውን።»

መነጽሩን አውልቆ እፍ አለበት፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አደረገው። ሲጨነቅ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል። አንድ ነገር ጻፈና እንደገና አስጫነኝ። ያው ነው። ለመለኪያ ብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀመጣትን ደረቅ ባቄላ አንስቶ ስልኬ መስታወት ላይ፣ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል አጋደማት።

«እዪው፤ ባቄላዋ ያለችግር ታልፋለች። ጣቱ ታዲያ ለምን አያልፍም?»

«ደክሞሃል። ይደር።»

«እሺ ይደር። ነገ ግን በጠዋት ቀስቅሺኝ።»

አጥሚት አመጣሁለት፤ ግማሹን ጠጥቶ ተወው። ባቄላዋን ወደ መስኮቱ ደፍ መለሳት።

ሰኞ ጠዋት ልቀሰቅሰው ስሄድ አልነቃም።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንድ ገጽ ጽፌ ሁለት ቀን የምተወው ጊዜ አለ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብዙ ሰው ይበልጣልን የሚያውቀው በሒሳብ መምህርነቱ ነው። ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ጽፎ ተማሪዎቹ እጃቸውን ሲያወጡ፣ «እጁን ያወጣ ይቀመጥ፤ አንገቱን የደፋ ይምጣ» ይል ነበር። ዛሬም መንገድ ላይ የሚያገኙኝ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ይህችን ቃሉን እየደገሙ ይስቃሉ። አንገታቸውን ከደፉት መካከል እንደነበሩ ሳይደብቁ ነው የሚነግሩኝ።

ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሲያገኝ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ በላስቲክ ተሸፍኖ ክፍል ውስጥ ተቆለፈበት። ቁልፉን እሱ ለምኖ ወሰደ። ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር፤ ከወጣቶቹ መምህራን ጋር ቁጭ ብሎ ከሀ ጀምሮ ተማረ። ጡረታ ሲወጣ ለሰርግ አዳራሹም፣ ለእህል ነጋዴውም ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሆኖ ተገኘ። ባለሙያ ነኝ ብሎ ግን አያውቅም። «እኔ በር ጠራቢ ነኝ» ነው የሚለው። ከገጹ ሁሉ የሚያሳስበው መግቢያው ነበር። ውስጡን ሌላም ሰው ያሳምረው፣ እንግዳ ግን ከደጃፍ መመለስ የለበትም ባይ ነው።

የኛ ቤት የአጥር በር መወርወሪያው ከወለቀ ስንት ዘመኑ! በሽቦ ነው የሚታሰረው። አንድ ቀን ዝናብ እየወረደብኝ ሽቦውን ስፈታ ቆይቼ በንዴት ገባሁ።

«የሰው በር ስትጠርብ የራስህ በር በሽቦ ታስሮ ይኖራል?»

«የኛን በር የምንከፍተው አንቺና እኔ ነን፤ እንዴት እንደሚከፈት እናውቃለን» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «መስተካከል ያለበት የማያውቅ ሰው የሚመጣበት በር ነው።»

«እኔ እየበሰበስኩ ነው የማውቀው።»

«ቢሆንም ታውቂዋለሽ።»

ከእሱ ጋር በአውቶብስ መሄድ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ካወጣ በቃ፣ ዓይኑን አይነቅልም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ስንመለስ አውቶብሳችን ደጀን ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከፊታችን የተቀመጠውን ጎረምሳ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ አሁን ምን ፈልገህ ነው ያንን የነካኸው?»

ጎረምሳው ስልኩን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ምን አገባህ አባቴ? ሰላይ ነህ?»

«አይደለሁም። ሌላ ልትነካ ፈልገህ ተሳስተህ መሰለኝ።»

ልጁ ትንሽ አሰበና፣ «እውነትህን ነው፤ ሁልጊዜ እዚህ ላይ እሳሳታለሁ» አለ። ከዚያ እስከ ሉማሜ ድረስ ስልኩን እያሳየ ሲያወራው መጣ። እኔ አፍሬ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ነበር።

የገበሬዎች ማኅበሩ ሥራ የመጣው ልቡ መታመም ከጀመረ በኋላ ነው። ማዳበሪያ ለመውሰድ ሰው መጋዘን በር ላይ እየተሰለፈ ያድር ስለነበር፣ ማኅበሩ ተራውን በስልክ ለማድረግ አሰበ። ገበሬው አንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ከዚያ በየዙሩ በራሱ ቁጥር እየገባ ተራው መቼ እንደሆነ ያያል፣ መምጣቱንም ያረጋግጣል። ገጹን ይበልጣል ሠራው። አንድ ሰው በስሙ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ከተገኘ ሁለቱም ምዝገባ እስኪጣራ ይታገዳል፤ ድርሻ እንዳይደረብ የተደረገ ነው።

የመጀመሪያው ዙር በተከፈተ ሰሞን አያ ታረቀኝ ቤታችን መጡ። በቁይ በኩል የሚያርሱ፣ ቀድሞ ከይበልጣል ጋር የማይተዋወቁ ሰው ናቸው። ገጹን የሠራው ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ ከመናኸሪያ በእግራቸው ቤታችንን እያጠያየቁ ነው የደረሱት። ወንበር ሰጠናቸው፤ አልቀመጥም አሉ።

«መምህር፣ እኔ በዕድሜዬ የሰው ድርሻ ላይ ዓይኔን ጥዬ አላውቅም። ትናንት መጋዘኑ በር ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ‹ታረቀኝ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል፣ ታግዷል› ተብሎ ተነበበብኝ። ጎረቤቴ ሳይቀር ዘወር ብሎ አየኝ። ሌባ ያለኝ ሰው ቢሆን እከሰው ነበር። ስልክን በየት ልክሰሰው?»

«ሁለት ጊዜ ተመዝግበዋል?»

«አንድ ጊዜ ነው የተመዘገብኩት! ከዚያ ተራዬን ላይ ብዬ ገባሁ። ሁሉን እንደገና ጠየቀኝ። ሲጠይቀኝ መለስኩ። ምን ላድርግ፣ የመንግሥት ነገር እንደሆነ ደጋግሞ መጠየቅ ልማዱ ነው።»

ይበልጣል ስልኩን አቀረበላቸው። «እስቲ እንዴት እንደገቡ ያሳዩኝ።»

«እንዲህ ነዋ!»

አውራ ጣታቸውን «ግባ» ላይ አሳረፉ። ጫን አሉት። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከጥፍር ጫፍ እስከ ጥፍር ጫፍ፣ ቀስ አድርገው አገላበጡት። ጣታቸው ወፍራም ነው፤ ሲገለበጥ «አዲስ ምዝገባ» የሚለው ላይ ወጣ። አንስተውት ሲያበቁ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መቼም ስልክ ላይ ቀለም የለም።

ይበልጣል የጠረጉትን ጣት አየ።

«አያ ታረቀኝ፣ ጣትዎን ማገላበጡን ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምረኛል፤ ቀበሌ ነዋ፣ በጣት ሲያስፈርሙኝ። ‹አገላብጠው፣ ሙሉው ካልታየ አይቀበልም› እያሉ ስንቱን ወረቀት አስደግመውኛል። የመሬቱንም፣ የብድሩንም፣ የልጄን የጋብቻ ውልም የፈረምኩት እንዲሁ ነው። ደግሞ ዛሬ አታገላብጥ ልትሉኝ ነው?»

«አልልም» አለ ይበልጣል። «ጥፋቱ የኔ ነው። በጣም አጠጋግቼዋለሁ።»

ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። እኔ ያን ቀን የመሰለኝ ሕመሙ ነው።

በማግስቱ ማኅበሩ ቢሮ አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን ደረጃ መውጣት ስለማይችል። ሥራ አስኪያጇ ትሑት ሴት ናት፤ ለሁለታችንም ወንበር ሳበችልን። ነገሩን ሰምታ፣ «ችግር የለም መምህር፤ አነካኩን እናስተምራቸዋለን። የግማሽ ቀን ሥልጠና እናዘጋጃለን» አለች።

«ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ፈርም ተብለው የኖሩትን በግማሽ ቀን?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የእሳቸውን ጣት ከምናርም የኔን መስመር ማረም ይቀላል።»

የአያ ታረቀኝ እገዳ ያንኑ ዕለት ተነሣ። ይበልጣል ግን በዚህ አልተወውም። በሕዝብ ፊት የተባለ በሕዝብ ፊት ነው የሚነሣው ብሎ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቁይ ድረስ ሄደ። መጋዘኑ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ «ታረቀኝ ሁለት ጊዜ አልተመዘገቡም። ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያሳሳትኳቸውም እኔ ነኝ» አለ። አያ ታረቀኝ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ከሰልፉ መካከል አንድ ሰው ጮክ ብሎ፣

«ታዲያ ለሁለተኛው ዙር ታስተካክለዋለህ?» አለው።

«አስተካክላለሁ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ሁለተኛው ዙር ለጤፍ ነው። የጤፍ መዝሪያ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። በዚያ ሰሞን ታግዶ የሚውል ገበሬ ከዓመቱ ነው የሚጎድልበት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት አድካሚ ነበሩ። መጀመሪያ «አዲስ ምዝገባ»ን ከሥር አወረደው፤ በትናንሽ ስልኮች ላይ የፊደል መጻፊያው ሲወጣ ይሸፍነውና አዲስ ሰው መመዝገቢያ ያጣል። መልሶ ወደ ጎን አመጣው። እዚያው መስመር ላይ ማራራቅ ነበረበት፤ ምን ያህል የሚለው ግን አስቸገረው። በሱ ስልክ ሰፊ የሆነው በሌላው ሰው ስልክ ጠባብ ይሆናል። አንድ ቀን ሽሮ ላስፈጭ ባቄላ ስለቅም ከሰፌዱ ላይ አንዷን አንስቶ አውራ ጣቱ ላይ ለካት።

«ይቺ በየትም ስልክ ላይ ያው ናት» አለ። «ባቄላ ካላለፈ ጣት አያልፍም።»

ቁይ ገበያ ኑሩ የሚባል ስልክ ሻጭ አለ። ስልክ ይሸጣል፣ ይጠግናል፤ ለማያነብ ሰው ደግሞ ቁጥር እየመዘገበ ይሰጣል። ይበልጣል ኑሩ ሱቅ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ ባቄላዋን ይዞ ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚውን፣ «እስቲ ይቺን ይጫኑልኝ» ይላል። ሰው ይጫናል፤ እሱ ጣቱን ያያል። ኑሩ ከውስጥ ሆኖ ያሾፋል።

«መምህር፣ ባቄላውን በጣሳ ነው በቁና የምትሸጠው?»

«በፍሬ ነው።»

«እንግዲያ ሀብታም ትሆናለህ።»

ቅቤ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት ጣቷን ሲያስተውላት፣ «ምነው፣ ጣቴን ልታጭ ነው እንዴ? ሚስትህ ይቻትና!» ብላ ገበያውን አሳቀችው። እኔ በርጩማው አጠገብ ነበርኩ። «ጣትሽን ከወሰዳት ከነባለቤቷ ይውሰድ፤ ሥራ ያግዙኛል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በገበያው «ባለባቄላው» ተባለ። ስሙን ወደደው።

እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንዳንዱን ሥራ ለኔ ሰጠኝ። የክፍተቱ ቁጥር የት እንደሚጻፍ፣ ሲያልቅ ገጹ ወደ ማኅበሩ እንዴት እንደሚላክ አሳየኝ። እኔ አንደኛ ደረጃ ፊደል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ላቲኑ ያስፈራኝ ነበር። እሱ በሚገባኝ ነገር ነው የሚያስረዳኝ።

«ሊንክ ማለት፣ ይሄ የሚጫኑት ጽሑፍ፣ የምታዪው ፊደል ብቻ አይምሰልሽ። በዙሪያው የማይታይ ግቢ አለው። ጣት ግቢውን ከረገጠ ቤቱን እንዳንኳኳ ይቆጠራል። ከግቢው ውጭ ደግሞ መንገድ አለ፤ መንገዱ የማንም አይደለም፣ ቢረግጡት ምንም አይከፍትም። ሁለቱም ክፍተት ናቸው፤ ለዓይን አይለዩም።»

ሐኪሙ ሥራ አቁም ብሎታል። አልጋው ላይ ሆኖ ሲጽፍ አንድ ከሰዓት ትዕግሥቴ አለቀ።

«ለአንድ መስመር ብለህ ልትሞት ነው?»

«ለመስመሩ አይደለም የሺ።» የሺወርቅ ነው ስሜ፤ ሲለምነኝ ብቻ ያሳጥረዋል። «አያ ታረቀኝ ጣታቸውን የጠረጉት ትዝ ይልሻል? በየሄዱበት ደጅ ተሰናክለው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ አንድ ደጅ ጨመርኩባቸው። እሷን ብቻ ላንሣ።»

ትራሱን አስተካከልኩለት።

እሑድ ቀኑን ነግሬያችኋለሁ። ሰኞንም።

ለቅሶው ላይ ቤቱም ድንኳኑም ሞላ። አንገታቸውን ደፍተው ሰሌዳ ላይ የወጡት ሁሉ መጡ። ከቁይ በኩል የመጡት መምህር ብለው አላለቀሱም፤ «ባለባቄላው፣ ባለባቄላው» እያሉ ነው ያለቀሱት። የከተማው ሰው ግራ ተጋብቶ እርስ በርሱ ይተያይ ነበር። አያ ታረቀኝ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር።

ከሠልስቱ በኋላ ኑሩ ለብቻው መጣ። አንገቱን እንደደፋ ጀመረ።

«እትዬ የሺወርቅ፣ አላህ ያጽናሽ። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ሁለተኛው ዙር ከነገ ወዲያ ይከፈታል። ሰው እየመጣ እኔን ይጠይቀኛል። ተስተካክሎ ነበር?»

«አልጨረሰውም» አልኩት።

«ማኅበሩ ምን ይላል?»

ለሥራ አስኪያጇ ደወልኩላት። ስልኩ ላይ አለቀሰች። ሌላ ባለሙያ እንደፈለጉ፣ እሱ ግን ዙሩ ካለፈ በኋላ እንጂ እንደማይደርስ፣ እስከዚያ በነበረው እንደሚቀጥሉ ነገረችኝ። ኑሩ ጫማውን አጥልቆ ወጣ። የአጥሩን ሽቦ ሲያስር በመስኮት አየሁት።

ላፕቶፑ ከአልጋው ሥር ነበር። አወጣሁና ከፈትኩት።

የይበልጣል ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ ምንጣፉ ላይ ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ብርሃኑ ፊቴ ላይ ሲበራ ብድግ አሉ።

«አንቺ! አፈሩ ሳይደርቅ? በሐዘን ቤት ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፣ አንቺ ይሄን ትከፍቻለሽ?»

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሥራው ነው እትዬ ብርቄ። ሳይጨርሰው የሄደው።»

«ሥራ ከሆነ ይቆያል። እሱም አይመለስበትም።»

«ሰው ፊት ቃል ገብቶበታል።»

«ለማን?»

«ለገበሬው። ጣት የማያሳስት አደርገዋለሁ ብሎ።»

እትዬ ብርቄ በሩን ገርበብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። «በይ ሥሪ። የሚናገር ቢኖር እኔ አለሁ» አሉኝ።

ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። በመጨረሻው ቀን የጻፈውን መስመር ፈልጌ አገኘሁ። ባቄላዋን ከመስኮቱ ደፍ አነሣሁ፤ ስልኬ ላይ ሳጋድማት ታልፋለች። ጣቴን ሳገላብጥ ምዝገባው ይከፈታል። ልክ እንደ እሑዱ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ዓይኔ እየፈሰሰ ፊደሉ ይደባለቅብኛል፤ ጠርጌ እንደገና አያለሁ።

ባቄላዋ የምታልፍ ከሆነ ክፍተቱ አለ። ጣቱ ከተያዘ ግን ክፍተቱ ባለቤት አለው ማለት ነው። ያን ጊዜ ግቢው ትዝ አለኝ። መስመሩን እንደገና አየሁት። ይበልጣል ቁጥሩን የጨመረው በውስጠኛው ክፍተት ላይ ነበር። መንገዱን ያሰፋ መስሎት በየቀኑ ግቢውን ነበር የሚያሰፋው። ለዓይን አይለዩም ብሎ እኔን ያስተማረኝን ሰው ድካሙ አሳስቶታል።

የጻፈውን ቁጥር አልለወጥኩትም። ከውስጠኛው አንስቼ ውጭኛው ላይ አስቀመጥኩት።

ስልኬ ላይ ጣቴን አገላበጥኩ። «ግባ» ላይ ቆየ፤ ገባ። ግን የራሴን ጣት አላመንኩትም። ጠመኔ ሲይዝ የኖረ ቀጭን ጣት ነው፤ ደግሞም የት እንደምነካ አውቃለሁ። ወደ ጎኔ ዞርኩ።

«እትዬ ብርቄ፣ እስቲ እርስዎ ይጫኑት።»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ?»

«ቀበሌ እንደሚፈርሙት። እዚህ ላይ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዶማና ማጭድ የያዘ እጅ ነው። አውራ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ጫን አሉት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከጥፍር እስከ ጥፍር ቀስ አድርገው አገላበጡት። አነሡትና ጣታቸውን በጥቁሩ ነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ገጹ ተከፈተ። የተራ ማሳያው ነው።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ገቡ።»

«ሳይመልሰኝ?»

«ሳይመልስዎ።»

እትዬ ብርቄ ስልኩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሸፍነው፣ በስሙ እየጠሩ አለቀሱ። ሴቶቹም ተከትለው አለቀሱ። እኔ እንዳሳየኝ አድርጌ ገጹን ወደ ማኅበሩ ላክሁት፤ መድረሱን በስልኬ አይቼ ላፕቶፑን ዘጋሁና ከሴቶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

በአርባው አያ ታረቀኝ መጡ። ጤፋቸውን በጊዜው እንደዘሩ ነገሩኝ። ኔትወርክ ጠፍቶ የተንከራተተ ሰው እንዳለ፣ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶበት የተበሳጨም እንዳለ፣ በሁለት ምዝገባ ታገደ የተባለ ሰው ግን እንዳልሰሙ አወሩልኝ። ሲሰናበቱ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ያን ዕለት መጋዘኑ በር ላይ ሲናገርልኝ ቀና ብዬ ሳላየው ቀረሁ» አሉ። «አሁን ይቆጨኛል።»

ሽቦውን ፈትቼ ሸኘኋቸው። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ጠዋት ጠዋት ስነሣ፣ የምቀሰቅሰው ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ከዚያ ያልፋል።

ማኅበሩ አዲስ ባለሙያ አግኝቷል። ገጹ ላይ የሆነ ነገር በለወጠ ቁጥር ይደውልልኛል። እኔም በገበያ ቀን ባቄላዋን በመሐረብ ቋጥሬ ቁይ እሄዳለሁ፤ ኑሩ ሱቅ በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሰው ሲጫን ጣቱን አያለሁ።